ሃምሳ ሜትር ወንዝ ዳር፦ ከጎረቤት ጋር አጽድቶ፣ ተክሎ፣ ማጽደቅ

በመጀመሪያው ዓመት ግንፍሌ ወንዝ ዳር 200 ችግኝ ተከልን። ሐምሌ ነው፤ መሬቱ ርሷል፤ ሰው ሞልቷል፤ ፎቶው አምሯል። በሚያዝያ ወርደን ስንቆጥር 11 ቀርተው አገኘን። ከ200! ለሁለት ሳምንት ያህል በዚያ ድልድይ ማለፍ ራሱ አሳፍሮኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት 50 ብቻ ተከልን። 41 ጸደቁ። ምን ለወጣችሁ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ክረምት ሲቃረብ። በአንድ ስልክ ጥሪ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ከቦታ መረጣ እስከ የካቲት ውሃ ድረስ ያለውን ልጻፈው። የማወራው ስለ መሃል አዲስ አበባ ነው፤ ከጓሯቸው ቀበና፣ ግንፍሌ ወይም ባንተይቀጡ ለሚፈስስባቸው ሰፈሮች። ከተማው ጫፍ ላይ ሰፊ መሬት ላላችሁ ጨዋታው ሌላ ነው።

ቦታ የሚመረጠው በጀሪካን ነው

ሰው ቦታ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው የቆሸሸውን ነው። የባሰበትን። እኛም እንደዚያው አደረግን። ስህተት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ውሃ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ፤ ከሚቀርባችሁ ቧንቧ ተነስታችሁ ወደ ቦታው ተሸክማችሁ ሂዱ። 20 ኪሎ ነው። መንገድ ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ ካሳረፋችሁት ቦታው ሩቅ ነው፤ ሌላ ፈልጉ። ይህን ፈተና በሐምሌ ሳይሆን በጥር ፀሐይ እያሰባችሁ አድርጉት።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። በበጋ አንድ ለጋ ችግኝ በሳምንት ቢያንስ 5 ሊትር ይፈልጋል። 50 ችግኝ 250 ሊትር፤ ወደ 13 ጀሪካን ማለት ነው። ዝናብ ከሚያቆምበት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሲደመር ከ400 ጀሪካን ያልፋል። 200 ችግኝ ቢሆንስ? በየሳምንቱ 50 ጀሪካን። ከእኛ 200 አብዛኞቹ የሞቱት በዚህ ምክንያት ነው። በክፋት አልሞቱም፤ ማንም ቀድሞ አላሰላም።

ስለዚህ 50 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ቁራጭ ይበቃል። 300 ካሬ ሜትር ነው። ችግኞቹን በ2 ሜትር ተኩል ርቀት ብትተክሉ 48 ይይዛል። ከዚህ በላይ አትመኙ፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት።

ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው። በእኛ ሰፈር ሌሊት ነው የሚመጣው። አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቦታው አጠገብ ካለ ግቢ አስቀምጡና የግቢው ጥበቃ ሌሊት እንዲሞላው ተስማሙ። ወንዙ እግራችሁ ስር እየፈሰሰ ቧንቧ ፍለጋ መሄድ ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ያ ውሃ ከየሽንት ቤቱ የሚለቀቅበት ነው። ልጆችና እናቶች በእጃቸው እየቀዱ እንዲያጠጡበት አታድርጉ።

ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብሎ ማየት

አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ሳምንት እዩ። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ተኩል። እኔ ድልድዩ አጠገብ ቡና የምታፈላ እናት ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር የማየው። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ገባኝ።

ቆሻሻ ከቤት ለቤት የሚሰበስበው ማኅበር በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። የሚመጣው ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የተከራዩ ቤቶች ሁሉ ዝግ ናቸው፤ ሰው ሥራ ሄዷል። ፌስታሉ በር ላይ ከዋለ ውሻ ይበትነዋል፤ ቤት ከዋለ ይሸታል። ማታ መብራት ሲደበዝዝ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አንዷ ልጅ ስትጥል አየችኝና ደንግጣ «ምን ላድርገው ታዲያ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የቆሻሻ ክፍያው ከውሃ ቢል ጋር ስለሚከፈል ከፍላለች እኮ።

መፍትሔው ችግኝ አልነበረም። ከማኅበሩ ሴቶች ጋር ቡና ጠጥተን ተነጋገርን። ሰዓታቸውን ሊቀይሩ አይችሉም፤ ገንዳው የሚነሳበት ሰዓት አለው። ግን አንድ ቦታ ተሰብስቦ ከጠበቃቸው ሥራውም ይቀላቸዋል። የባለ ሱቁ ጀርባ ያለች ጥግ ተመረጠች፤ ክዳን ያለው በርሜል ተቀመጠ። ሥራ የሚሄዱት ጠዋት እየወጡ እዚያ ይጥላሉ። ይህ ብቻ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ፌስታል በዓይን በሚታይ ቀነሰው።

የእናንተ ሰፈር ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ የሚዘረጋ የአትክልት ጉልት፣ የግንባታ አፈር የሚደፋ ገልባጭ፣ ሥጋ ቤት፣ ጋራዥ። ምንጩን ሳታውቁ ማጽዳት ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል እንደመወልወል ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሽንት ቤት የሌለው ወይም ለሃያ ሰው አንድ ሽንት ቤት ያለው ግቢ ሰው ወንዝ ዳር ቢወጣ እሱ ላይ መጮህ አይገባም። አፍሮ ይሸሻችኋል እንጂ አይተባበራችሁም።

ለምን ትደክማላችሁ የሚላችሁ ካለ ደግሞ መንገዱን ንገሩት። ቀበናም ግንፍሌም ከእንጦጦ ወርደው፣ ከተማውን ሰንጥቀው፣ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። መሃል ላይ በዚያው ውሃ አትክልት ይመረትበታል። እኛ የጣልነው ቆስጣ ሆኖ ተመልሶ ገበያ ይመጣልናል። የሰፈራችንን ሰዎች ከማንኛውም ንግግር በላይ ያሳመነችው ይህቺ የቆስጣ ነገር ናት።

እድሩን ይዛችሁ ግቡ

አዲስ ማኅበር አታቋቁሙ። ስም ማውጣት፣ ማህተም ማሠራት፣ ሊቀመንበር መምረጥ፤ ሦስት ወር ይበላና ሥራው ሳይጀመር ጸብ ይጀመራል። እድር አለላችሁ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ማህተም አለው። ከሁሉ በላይ ሰው ያምነዋል።

ለእድሩ ዳኛ ቀድማችሁ ቤታቸው ሄዳችሁ ንገሯቸው። በስብሰባ መሃል ድንገት እጅ አውጥታችሁ ካነሳችሁት «ልጆቹ ምን አስበው ነው?» ይባላል። እኛ ጋ ጋሽዬ መጀመሪያ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ «ድንኳኑንና ወንበሩን ውሰዱ፤ ገንዘብ ግን አትጠይቁኝ» አሉ። ይበቃል። በወርሃዊው ስብሰባ እሳቸው ሲናገሩት ነገሩ የወጣቶች ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

የሚሠራ ሰው 12 ያህል ካገኛችሁ በቂ ነው። ለአንድ ቀን 80 ሰው ይመጣል፤ በየካቲት የሚመጡት 12ቱ ናቸው። ቀኑን ስትመርጡ አርብና እሑድን ተዉ፤ የሰፈሩ ሙስሊምም ክርስቲያንም የሚመቸው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል። ከዚያ በላይ አትያዙ፤ ሰው ለቅሶም ሠርግም አለበት።

ደብዳቤና ፈቃድ

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደርና በወንዝ ዳርቻ ልማት መሃል ከተማው ምን ያህል እንደተቀየረ ፒያሳን ያየ ያውቃል። ስለዚህ ወረዳችሁ ሄዳችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ይህ ቦታ ፕላን ውስጥ አለ ወይ?» ይሁን። ካለ፣ ከሥራው ጋር መቀናጀት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልሆነ ሌላ ቁራጭ ምረጡ። ተክላችሁ በሁለተኛው ወር ኤክስካቫተር ሲመጣ ከማልቀስ ይሻላል።

ደብዳቤው በእድሩ ስም፣ በማህተም፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ይሁን። ቦታው የት ነው፣ ስንት ሜትር ነው፣ ምን ልትሠሩ ነው፣ ቀኑ መቼ ነው፣ ተጠሪው ማን ነው። ከወረዳው የምትፈልጉትንም ለይታችሁ ጻፉ፦ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና፣ ችግኝ፣ የእጅ መሣሪያ። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን» ብቻ ካላችሁ የሚደረግላችሁም ያን ያህል ነው። በሁለት ኮፒ ውሰዱና አንደኛው ላይ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስመቱበት። ያቺ ኮፒ ከምንም ነገር በላይ ትረዳችኋለች፤ ሰው ተቀየረ ሲሏችሁ ከቦርሳ ታወጧታላችሁ።

የፍሳሽ ቱቦ ወደ ወንዙ ሲለቅ ካገኛችሁ ራሳችሁ ለመድፈን እንዳትሞክሩ። ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉ፣ ለውሃና ፍሳሽ አመልክቱ። ከተማው የወንዝ ብክለትን የሚከለክል፣ ቅጣት ያለው ደንብ በ2017 ዓ.ም. አውጥቷል። ግን ጎረቤትን «ደንብ ማስከበርን እጠራለሁ» ብላችሁ ከማስፈራራታችሁ በፊት ሽማግሌ ላኩ። አብራችሁ ትኖራላችሁ።

እቃ

ቲሸርት አታሳትሙ። በዚያ ብር ጓንት ግዙ። ስስ የሐኪም ጓንት ሳይሆን የግንበኛ ወፍራም ጓንት። ቦት ጫማ ለሁሉም ባይዳረስ ወደ ታች ለሚወርዱት ይሁን፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ከላይ ይቀበል። ሬክ፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ገጀራ፣ ገመድ፣ ባሬላ፣ ባዶ ማዳበሪያ ቢያንስ 60። ሳሙና፣ በረኪና፣ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ። ባዶ የዘይት ጀሪካን ከነክዳኑ አንድ፤ ይህ ለመርፌ ነው። መርፌ በእጅ አይነሳም። በእንጨት ወይም በመቆንጠጫ ተይዞ እዚያ ውስጥ ይገባና ለጤና ጣቢያ ይሰጣል። ማንም ሰው ከተወጋ ወይም ዝገት ከቆረጠው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ «ትንሽ ነው» አይባልም።

የጽዳት ቀን

ጽዳቱን ግንቦት ላይ አድርጉት። ዝናቡ ሳይጠና፣ ወንዙ ሳይሞላ። ከባድ ክረምት ውስጥ ወደ ወንዙ አትውረዱ፤ ሰፈራችሁ ፀሐይ እያለ እንጦጦ ላይ የዘነበው በድንገት ይደርሳል። ልጆች ደግሞ ምንጊዜም ከላይ ይሁኑ፤ መለየትና መቁጠር ይወዳሉ።

ሠራተኛው ጎን ለጎን በአንድ መስመር ይሰለፍ። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ከሆነ ድንጋይ ይንከባለላል። ማዳበሪያውን እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉ፤ የራሰ ፌስታልና ጨርቅ እንዴት እንደሚከብድ ማንሳት ስትጀምሩ ታውቁታላችሁ። ወደ ላይ የሚወጣው በቅብብል ነው።

እዚያው ለዩ። ሀይላንድ ለብቻ፣ ብረትና ቆርቆሮ ለብቻ፣ ጠርሙስ ለብቻ። ለቆራሌው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በሰዓቱ ከች ይላል። የሚበሰብሰው ወደ ጓሮ ጉድጓድ ገብቶ ለተከላው ብስባሽ ይሆናል። የቀረው ብቻ መኪና ላይ ይጫን። ልየታው አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ግን የዚህ ከተማ ቆሻሻ መጨረሻ ለብዙ ዓመታት ቆሼ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ሲደረመስ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። እኛ ያልለየነው ሌላ ሰው ደጃፍ ይከመራል። ማቃጠል ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ፤ የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው።

አሁን የኛን ጉድ ስሙ። በመጀመሪያው ጽዳት 43 ማዳበሪያ አውጥተን መንገድ ዳር ደረደርን። መኪና «ሰኞ ይመጣል» ተብሎ ነበር። ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞም። ዘጠኝ ቀን ቆየ። ውሻ ቀደደው፤ ስምንተኛው ቀን ላይ ኃይለኛ ዝናብ ዘነበና ግማሹን ወደመጣበት መለሰው። ሰዉ እኛን ነው የወቀሰው፤ ልክም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ» ካላለን አንድ ማዳበሪያ አናወጣም።

ገደሉን አትንኩት

ወንዝ ዳሩ ላይ አፈርና ፌስታል ለዓመታት እየተነባበረ ግድግዳ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እየቆፈሩ ማውጣት ያምራል። ተዉት። ያ ክምር የላይኛውን ቤት አጥር ደግፎ ሊሆን ይችላል፤ በክረምት ሲናድ ማን ይጠየቃል? ከላይ የተንጠለጠለውን በገጀራ ቁረጡ፤ የተቀበረውን ተክል ይያዘው።

ጠርዙን የሚይዘው ዛፍ ሳይሆን ሳርና ቁጥቋጦ ነው። ደሾ ወይም ቬቲቨር ሳር ከዳገቱ ጋር ተሻግሮ በመስመር፣ ከአንዱ ጉንጉን እስከ ሌላው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ተጠጋግቶ ይተከል። ከላይ በኩል ደግሞ ሰንሰል። ሰንሰል ርካሽ ነው፤ ከጎረቤት አጥር ቆርጣችሁ እርጥብ መሬት ላይ ብትሰኩት ይበቅላል። ጎርፍ የሚወርድባት ትንሽ ቦይ ካለች ድንጋይ ደርድራችሁ ዝቅ ያለ ክትር ሥሩባት። ከጉልበት በላይ አታስረዝሙት፤ ከፍ ያለ ክትር የባለሙያ ሥራ ነው።

ጉድጓድና ችግኝ

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በክረምት ችግኝ ማግኘት ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ የተሰጣችሁን ሁሉ መውሰድ ነው። የሚሰጣችሁ 300 ቢሆንም እናንተ 50 ውሰዱ።

ምን እንውሰድ? ለውሃው ቅርብ ለሆነው የደጋ ቀርከሃ፤ ሥሩ አፈር ይይዛል። መሃሉ ላይ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ኮሶ። ወይራ ቀርፋፋ ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። ብሳናና ዋንዛ ቶሎ ጥላ ይሰጣሉ፤ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ የሆነ ነገር ካላየ ይሰለቻል። ግራዋም ጨምሩበት፤ ለጠላም ለእንስራም የሚፈልጋት እናት አትጠፋምና ራሷ ትጠብቃታለች። ባህር ዛፍ ለከተማው ባለውለታ ነው፤ ምኒልክ ዘመን የማገዶ ችግርን አቃልሏል። ለዚህች ቁራጭ ግን አይሆንም፤ ውሃ ይጠጣል፣ ሌላውን ያቀጭጫል። መብራት መስመር ስር ደግሞ ረጅም ዛፍ አትትከሉ፤ ሲያድግ መቆረጡ አይቀርም።

ጉድጓዱ ከተከላው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ሰኔ ላይ ይቆፈር። 40 በ40፣ ጥልቀቱም 40 ሳንቲሜትር። የላይኛውን ጥቁር አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል አውጡ። ሲሞላ ጥቁሩ ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ታች ይገባል። ወንዝ ዳር ስትቆፍሩ ግማሹ ፌስታልና ጨርቅ ነው፤ ልቀሙት፤ ሥር አያሳልፍም።

መቼ ይተከል? እጃችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱት። አንድ ክንድ ያህል ወርዶም እርጥብ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ብዙውን ጊዜ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥሩን ሳያወርድ ዝናቡ ያልፍበታል።

አሁን እዚህ ጋ ቀስ እንበል፤ ብዙው ችግኝ የሚገደለው በዚህች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። ችግኙ በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ከመትከላችሁ በፊት ውሃ አጠጡት፤ ደረቅ አፈር ይፈርሳል። ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ። አንድ እጅ ከስር ይያዘው። በምላጭ የፕላስቲኩን ታች ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ከነአፈሩ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ እዚያ የተጠማዘዘ ሥር አለ፤ ካልተቆረጠ ጉድጓዱ ውስጥም እየተጠማዘዘ ይቀጥልና ዛፉን ከዓመታት በኋላ ያንቀዋል። ከዚያ ጎኑን ከላይ እስከ ታች በስሱ ቅደዱ፤ ፕላስቲኩን ግን ገና አታውጡት። ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጡት፤ አቁሙት፤ አሁን ፕላስቲኩን በጎን ሳቡት። አንገቱ ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ አልተቀበረ፣ አልተንጠለጠለ። አፈር መልሱ፤ በተረከዝ ሳይሆን በመዳፍ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ፕላስቲኮቹን ሰብስባችሁ ቁጠሩ። 50 ችግኝ ከሆነ 50 ፕላስቲክ መገኘት አለበት። እኛ በመጀመሪያው ዓመት የሞተ ችግኝ ስንነቅል አሥር አሥራ አምስቱ ከነፕላስቲካቸው ነበር የተቀበሩት። ማን እንደተከላቸው አልጠየቅንም። ምናልባት እኔው።

በጉ

ሰው ችግኝ ይሰርቃል ብለን ስንፈራ የጎዳን በግ ነው። የፋሲካ ሰሞን አንድ በግ ነጋዴ መጥቶ በጎቹን አጥራችን ላይ አሰረ። ማታ ስንደርስ ወይራዎቹ በሙሉ ጫፋቸው ተበልቷል። ሰውየው «ቅጠል መስሎኝ» አለ። ምን ይባላል? ቅጠል ነው።

ከዚያ በኋላ ከበዓል ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን ለነጋዴዎቹ የሚያስሩበት ቦታ ድልድዩ ማዶ አሳየናቸው፤ ሳር አቀረብንላቸው። አጥሩን በእሾህ ቅርንጫፍ አጠናከርነው። «መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ሰቅለን ነበር፤ ሰው ተደግፎት ሽንቱን ይሸናበት ነበር። የጠቀመው አግዳሚ ወንበር ነው። ከእንጨት ቁራጭ የተሠራ አንድ አግዳሚ አስቀመጥንና ቡና አፍዪዋ እናት ወደዚያ ዞረች። ሰው የተቀመጠበት ቦታ ቆሻሻ አይጣልም።

ለየቤቱ አንድ ችግኝ ማደልም ሠርቶልናል። በተለይ ለልጆች። «የኔ ደረቀ» ብሎ እያለቀሰ የሚመጣ የስድስት ዓመት ልጅን የመሰለ ጥበቃ በደመወዝ አይገኝም።

ከመስከረም በኋላ

መስከረም ሲጠባ የክረምቱ የበጎ ፈቃድ ሥራ ያልቃል፤ ትምህርት ይጀመራል፤ ሁሉም ይበተናል። የእናንተ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዙሪያውን አርሙ፤ ሳሩ ከችግኙ በልጧል። ያረማችሁትን ሳር አትጣሉት፤ ግንዱ ዙሪያ ጉዝጓዝ አድርጉት፤ እርጥበት ይይዛል። ግንዱን ግን አይንካው፤ አራት ጣት ያህል ይራቅ፤ ካልሆነ ያበሰብሰዋል።

12ቱን ሰው በሦስት ቡድን ክፈሉ። በየቅዳሜው አንድ ቡድን ይወርዳል፤ አራት ሰው ሦስት ሦስት ጀሪካን ቢሸከም ሊያልቅ ምንም አይቀረው። ለአንድ ሰው በሦስት ሳምንት አንዴ ይደርሰዋል። ተራውን በቴሌግራም ብቻ አትለጥፉ፤ በወረቀት ጽፋችሁ ባለ ሱቁ መስኮት ላይ ስቀሉት። የቀረ ሰው ስሙ ሳይሰረዝ ይቀራል፤ እንጀራ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ያየዋል። ቅጣት አላስፈለገንም።

አጠጣጡ ማታ ይሁን፤ ቀስ ተብሎ። ውሃውን አንዴ ገልብጠውበት የሚሄዱ አሉ፤ ያ ውሃ ወንዙ ውስጥ ነው የሚገባው። ከችግኙ በላይኛው ወገን ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ጉድባ ቆፍሩ፤ እዚያ ውስጥ ይፍሰስ። ለዳገቱ ደግሞ ሀይላንድ ይጠቅማል፦ ባለ 2 ሊትሩን ክዳኑን በምስማር ብሱ፣ ቂጡን ቁረጡ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ከሥሩ አጠገብ ቅበሩት። ሲሞላ ጠብ ጠብ እያለ ያድራል። ከጽዳቱ ያወጣችሁት ሀይላንድ ተመልሶ ሥራ ገባ ማለት ነው። ዛፉ ሲጠነክር ሰብስቡት እንጂ እዚያው አትርሱት።

ከሀይላንድና ከብረት ሽያጭ ጥቂት ብር ይመጣል። ትንሽ ናት ብላችሁ በኪስ አትያዟት። ደብተር ላይ ጻፏትና ደብተሩ እድሩ ጋ ይቀመጥ። ስንት ጥሩ ሥራ ነው በ300 ብር ሐሜት የፈረሰው።

የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ጠብ ሊል ይችላል። አትመኩበት። አንድ ቀን ዘንቦ ሰው ሁሉ ተራውን ይዘልላል፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ይሆናል። እጃችሁን አፈሩ ውስጥ ከትታችሁ ነው መወሰን።

በሚያዝያ ቁጠሩ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የሞቱ ይመስላሉ፤ ቅጠል የለ፣ ቀለም የለ። ቶሎ ነቅላችሁ አዲስ ጉድጓድ ለመቆፈር አትቸኩሉ። የግንዱን ቅርፊት ከታች በኩል በጥፍራችሁ በስሱ ጫር አድርጉት። ውስጡ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል፤ ቦታውን ምልክት አድርጉበትና ሰኔ ላይ ተኩት። አረንጓዴ ከታየ ግን አለ። ጀሪካኑን አምጡለት።